ጎሲፕ፣ ከ‹ጂ› ፊደል ሥር

አምብሮዝ ሱግደን ነኝ፣ መዝገበ ቃላት አራሚ፣
በሊድስ ማተሚያ ቤት የነጠላ ሰረዝ ለቃሚ።
የደረሰኝ ፊደል ‹ጂ› ነው፤ ከፍየል ተነሥቼ፣
በወርቅ በኩል አልፌ፣ በዝይ ተሻግሬ መጥቼ፣
ጥር አጋማሽ ላይ ‹ጎሲፕ› ጋ ቆምኩኝ ደክሜ፣
አለቃዬ ክራብትሪ የጻፈውን ፍቺ ተሸክሜ፦
«ጎሲፕ፦ የሴት ወሬ፤ ፍሬ የሌለው ገለባ።»
ልክ ነው ብዬ ነበር። ማን ይጠራጠር? ማን ይግባ
በአንድ ቃል ሙግት ውስጥ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ሻማው ሳያልቅ?
ደግሞም ማስረጃ ነበረኝ፤ ከጣራዋ ሥር የምወድቅ፣
ከቲርዛ ኦልድሮይድ፣ ከአከራዬ፣ ጉድ ከማይቀድማት፣
የጎረቤት ድስት ሲከደን ክዳኑ ከሚነግራት።
ሥጋ ሻጩ ሚዛን ላይ አውራ ጣቱን ሲያሳርፍ፣
የዲያቆኑ ልጅ ለመርከበኛ ደብዳቤ ስትጽፍ፣
ቀድማ የምታውቅ እሷ፤ አጥር የማይገታት፤
እኔም ጥጥ በጆሮዬ፣ ጠዋት ማታ የምረግማት።

አንድ ሌሊት በረዶ። ከግድግዳው ማዶ ጩኸት።
የማቅለሚያው ሠራተኛ የጄቤዝ ሚስት፣ ምጥ ይዟት።
ሐኪሙ ሁለት ኮረብታ ርቆ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣
የጄቤዝ ፊት እንደ ታጠበ ሱፍ ገርጥቶ።
ቲርዛ የእሳት መቆስቆሻ አንሥታ ግድግዳውን መታች፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሰፈሯ በሙሉ ሰማች።
ስድስት ሴቶች ደረሱ፣ በሌሊት ልብስ ላይ ካፖርት ደርበው፣
ቅቤም፣ አንሶላም፣ የፈላ ውሃም፣ ምላሳቸውንም ይዘው።

እኔና ጄቤዝ ከደረጃው፣ ለወንድ ከተተወው ስፍራ፣
ጥጡን አወጣሁ ከጆሮዬ። ላይ ቤት ወሬው ደራ፦
«ሥጋ ሻጩ አውራ ጣቱን…» «መርከበኛው እኮ አልመለሰም…»
ሳቅ። ዝምታ። ጩኸት። ደግሞ «ያቺ አክስትሽስ?» አይደክማቸውም።
አንዷ ስታቆም ሌላዋ ታነሣዋለች፣ እንደማይበጠስ ድውር፣
ያቺ ልጅ ክሩን ይዛ፣ ፍርሃት ውስጥ እንዳትሰወር።
ክራብትሪ ገለባ ያለው… ለካ ገለባም ይነጠፋል፣
ብርድ ሲገባ ሰው ይተኛበታል፤ ሰው ይወለድበታል።

ሊነጋ ሲል ቲርዛ ወረደች፣ እጅጌዋን እንደ ጠቀለለች፦
«ሴት ናት። አጎቷ ባሕር ላይ ነው፤ ክርስትና የሚያነሣት የለም። አንተ ታነሣታለህ» አለች።

እሑድ አነሣኋት። ኬዛያ ተባለች። እጄ ላይ አስነጠሰች።
ቄሱ የጥንቱን መዝገብ ገልጠው፣ ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ደረሰች፦
«ሕፃን ሄፕዚባ፤ ጎሲፖቿ አግነስና ማርጀሪ።»
«ክርስትና ያነሧት ናቸው» አሉኝ። «ቃልም እንደ ሰው ይታማል፤ ስሙ ጠፍቶ ይቀራል ደጅ አዳሪ።»

ሥሩ ሁለት ነው፦ ‹ጎድ›፣ እግዜር፤ ‹ሲብ›፣ ዘመድ፤
ሲጋቡ የእግዜር ዘመድ፤ በውሃ እንጂ በደም የማይወለድ።
አበልጅ። ከዚያ ወዳጅ። ከዚያ በምጥ ቀን የምትጠራ፤
ከዚያ ደረጃ ላይ የቀረው ባል የቀናባት፦ «ምን ይሆን ላይ የሚወራ?»
ከዚያ ወሬኛ፤ ከዚያ ወሬው ራሱ። እንዲህ ነው ቃሉ የወረደበት፣
በር የተዘጋበት ሁሉ በየተራ እየፈረደበት።

ሰኞ አራት ፍቺ በቁጥር ጽፌ ለክራብትሪ አቀረብኩ፤
አጠቃቀሙንም ከታች፣ በቀይ ቀለም አሰመርኩ፦
«ሰው ለማዋረድ አይበጅም፤ ለዚያ ሌላ ቃል ሞልቷል፤
ጎረቤት ከጎረቤት ‹ማን ደኅና አደረ? ማን አላደረም?› ሲባባል ግን ይገባል።»
«ወረቀት ውድ ነው» አለኝና ሦስቱን ሰረዘ፤ ቀረ ያው ገለባ፤
በብዕሩ ጫፍ ጠቆመኝ፣ ወደሚቀጥለው ቃል እንድገባ።

መጽሐፉ ታትሞ ወጣ። ቲርዛም አንድ ቅጂ ደርሷት፣
መስኮቷ እንዳይዘጋ ደገፈችበት፤ የመንገዱ ወሬ እንዳያመልጣት።
እኔ ግን በገዛ ቅጂዬ፣ በኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣
«ቲርዛን ተመልከት» ብያለሁ፤ ደቃቅ ነው ጽሕፈቱ፣ እንደ ለሆሳስ።

አሁን ገበያ መሃል «ጎሲፕ!» ብላ ትጠራኛለች፣ እንደ ጥንቱ፤
ባርኔጣዬን አነሣለሁ፤ ይስቃል አላፊ አግዳሚው፣ ሳይገባው ብልሃቱ።
ያን ሌሊት ከደረጃው ተዝለፍልፌ መውደቄንስ? አውርታ ጨርሳዋለች፤
ሥጋ ሻጩ ሲመዝንልኝ፣ አውራ ጣቱ እንኳ ትስቅብኛለች።